ድኻን ያላዋረደ ሣቅ፦ የቻርሊ ቻፕሊን ሕይወትና የአዲፑር ወዳጆቹ

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ከምንኖርበት ሰፈር ብዙም በማይርቅ በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ቡና እንጠጣ ነበር። ከጧት ጀምሮ የጣለው ዝናብ መንገዱን ስላጨቀየው ወደ ፒያሳ ወርዶ ለመናፈስ የደፈረ ከመካከላችን አልተገኘም። ስለዚህ ወዳጃችን ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍብን ብሎ በኮምፒዩተሩ አንድ ዘጋቢ ፊልም ከፍቶ አሳየን። ፊልሙ «የቡት ጫማው ኬክ» ይባላል። ያዘጋጀችው ካትሪን ሚላርድ የምትባል አውስትራሊያዊት የፊልም ባለሙያ ስትሆን፣ የወጣውም በ2008 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይረዱልን።)

ፊልሙ የሚተርከው አዲፑር ስለምትባል አንዲት አነስተኛ የህንድ ከተማ ነው። አዲፑር በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት ግዛት፣ ካች በሚባለው ደረቅ ምድር ላይ ትገኛለች። በየዓመቱ ሚያዝያ 8 ቀን፣ ማለትም በአውሮፓውያን ኤፕሪል 16፣ የዚህች ከተማ ሰዎች ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈውን የድምፅ አልባ ፊልም አሥቂኝ የቻርሊ ቻፕሊንን ልደት ያከብራሉ። ሕፃን ሽማግሌ፣ ወንድ ሴት ሳይል ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ክብ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ከአፍንጫው ሥር ትንሽ ጢም ሥሎና ቀጭን ከዘራ ይዞ እግሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጣለ በአደባባይ ይሄዳል። ሙዚቃ ይመታል፤ ይጨፈራል። የፊልሙ አዘጋጅም ወደዚህ በዓል በተጠራች ጊዜ የልደቱን ኬክ እንድታቀርብ አደራ ተቀብላ ነበረ። የፊልሙ ስም የወጣው ከዚሁ ኬክ ነው።

ኬኩ ስለምን የቡት ጫማ ሆነ? ቢባል፣ መልሱ ቻፕሊን በ1925 ባወጣው «የወርቅ ፍለጋ ጥድፊያ» በተባለው ፊልም ውስጥ ይገኛል። ወዳጃችንም ይህኑ ክፍል ፈልጎ አሳየን። ሁለት ወርቅ ፈላጊዎች በአላስካ በረዶ መካከል ከአንዲት የሣንቃ ጎጆ ውስጥ ተዘግተው በረኃብ ሊያልቁ ደርሰዋል። ቻርሊ የአንድ እግሩን ጫማ አውልቆ ይቀቅለዋል። ሲበስል በሣሕን ላይ አውጥቶ፣ እንደ ሰንጋ ሥጋ በቢላዋ እየከፈለ ያቀርበዋል። ግዙፉ ባልንጀራው ለስላሳውን የላይኛውን ቆዳ ሲወስድ፣ እሱ ምስማር የሞላበት ሶል ይደርሰዋል። እሱ ግን አያጉረመርምም። የጫማውን ክር እንደ ፓስታ በሹካው እየጠቀለለ፣ ምስማሮቹንም እንደ አጥንት አንድ በአንድ እየመጠጠ፣ በትልቅ ግብዣ ላይ እንደ ተቀመጠ ጨዋ ሰው ይበላል።

እኛ በሣቅ ወደቅን። ከእኛ ጋር ተቀምጠው ያዩ የነበሩት የወዳጃችን አያት ግን አልሣቁም። እማማ በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የመጡ እናት ናቸው። የውጭ አገር ቋንቋ አያውቁም፤ የዚህንም ሰው ስም ከዚያ ቀን በፊት ሰምተውት አያውቁም። ጥቂት ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ ይህ ሰው ረኃብን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት አሉ። የጠገበ ሰው እንደዚህ አድርጎ መብላት እንደማይችልም ጨመሩበት።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን የወጣን ሦስት ወጣቶች ይህን አላስተዋልንም ነበርና ዝም አልን። በማግሥቱም የቻርሊ ቻፕሊንን የሕይወት ታሪክ ፈልገን አነበብን። እማማ በአንድ ዓይን እይታ ያወቁት ነገር እውነት ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ቻርልስ ስፔንሰር ቻፕሊን የተወለደው በኤፕሪል 16 ቀን 1889 ነው። ይህም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ከተሠዉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሆኑ ነው። አባቱም እናቱም በለንደን የሙዚቃ አዳራሾች እየዘፈኑና እየተጫወቱ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ግን መጠጥ አሸነፈውና ቤተ ሰቡን ትቶ ሄደ፤ በ1901ም በዚሁ ጠንቅ ገና በጉልምስናው ሞተ። እናቱ ሐና ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ ሲድኒንና ቻርሊን፣ በልብስ ስፌት ለማሳደግ ደከመች። ድምፅዋም እየደከመ ሄዶ ከመድረክ አስወጣት። ቻፕሊን ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቆመው ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። እናቱ በአንድ መድረክ ላይ ድምፅዋ ተዘግቶ ተመልካቹ ሲጮህባት፣ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ሰው ሕፃኑን አውጥቶ በቦታዋ አቆመው። ልጁ ሲዘፍን ሰዉ ሣንቲም ወረወረለት። እሱም ዘፈኑን አቋርጦ መጀመሪያ ሣንቲሙን እንደሚለቅም ለተመልካቹ ቢነግር አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ።

አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ድል ባደረጉበት በ1896፣ ቻርሊ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እናትና ልጆች የሚበሉት አጥተው በለንደን ከሚገኘው የድኾች መጠለያ ገቡ። ይህ መጠለያ ድኻ በድኽነቱ እንዲያፍር ተደርጎ የተሠራ ቤት ነበረ። እናት ከልጆቿ ትለያለች፤ የገዛ ልብሳቸው ተወስዶ የመጠለያው ልብስ ይሰጣቸዋል። ቀጥሎም ልጆቹ ሃንዌል በሚባል ስፍራ ወደነበረው የድኻ ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። ይህ ሁሉ ሳያንስ እናታቸው አእምሮዋን ታመመች። በ1903 ሕመሙ በተመለሰባት ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ሲድኒ በመርከብ ሥራ ላይ ስለ ነበር፣ እጅዋን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሳት የ14 ዓመቱ ቻርሊ ብቻውን ነው። ከዚያም ወንድሙ እስኪመጣ ድረስ ወደ ባዶ ቤት ተመለሰ።

እንግዲህ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ሰውን ያሣቀው ሰው የልጅነት ዘመኑ ይህን ይመስል ነበረ። ዳሩ ግን ሁለቱ ወንድማማች ተስፋ አልቆረጡም። ቻርሊ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ዓመቱ ከሚጨፍሩ ልጆች ጓድ ጋር ተቀላቀለ። ቀጥሎም በቴያትር ውስጥ የመልእክተኛ ልጅ ሆኖ በየከተማው እየዞረ ተጫወተ። በ1908 ወንድሙ አማካይነት ፍሬድ ካርኖ የሚባለው የታወቀ የአሥቂኝ ጨዋታ አዘጋጅ ቀጠረው። ካርኖ ተጫዋቾቹን ያለ ንግግር፣ በአካል እንቅስቃሴ ብቻ ታሪክ እንዲናገሩ የሚያሠለጥን ሰው ነበርና፣ ቻርሊ የሙያውን መሠረት ያገኘው ከዚህ ነው። ከዚሁ ጓድ ጋር ሁለት ጊዜ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በሁለተኛው ጉዞ ኪስቶን የተባለው የፊልም ኩባንያ አይቶት በሳምንት 150 ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ።

በ1914 መጀመሪያ ላይ፣ ቻርሊ በኩባንያው የልብስ ክፍል ውስጥ ገብቶ ለሚጫወተው ሰው መልክ ፈለገለት። ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ፣ ጫማው ትልቅ፣ ባርኔጣው ትንሽ ሆነ። ዕድሜው ከፍ ያለ እንዲመስልም ትንሽ ጢም ለጠፈበት፤ ከዘራም አስያዘው። ይህ ሰው ቤት የለውም፤ ሥራ የለውም፤ ገንዘብም የለውም። ሆኖም ባርኔጣውን አንሥቶ ለሴት ወይዘሮ እጅ ይነሣል፤ የወደቀበትን አቧራ ከኮቱ ላይ በጣቱ ያራግፋል፤ የተቀደደ ጓንቱን እንደ ባለጸጋ ያወልቃል። ፖሊስ ያባርረዋል፤ አሳላፊ ከምግብ ቤት አውጥቶ ይጥለዋል፤ እሱ ግን ተነሥቶ ልብሱን አስተካክሎ መንገዱን ይቀጥላል። ዓለም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይህን ሰው እንደ ገዛ ዘመዱ አወቀው።

ገንዘቡም በዚያው ልክ መጣ። በ1916 ሙችዋል ከተባለው ኩባንያ ጋር ሲዋዋል የዓመት ክፍያው 670,000 ዶላር ደረሰ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና 27 ዓመት ሊሞላ ነበር። በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከዴቪድ ግሪፊዝ ጋር ሆኖ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ከዚህ በኋላ ፊልሞቹን የሚጽፈውም፣ የሚያዘጋጀውም፣ በዋና ተዋናይነት የሚጫወተውም፣ ገንዘቡን የሚያወጣውም ራሱ ሆነ። ድምፅ ከመጣ በኋላ ለፊልሞቹ ሙዚቃውን ሳይቀር የደረሰው እሱ ነው።

ባለጸጋ ከሆነ በኋላ ግን የሚተርከው ታሪክ አልተለወጠም። በ1919 የመጀመሪያ ልጁ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን ሞተበት። ከዚህ ኀዘን ብዙም ሳይቆይ የጀመረውና በ1921 የወጣው «ሕፃኑ» የተባለው ፊልም፣ አንድ ቤት የለሽ ድኻ በመንገድ ላይ ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን ሲያሳድግ የሚያሳይ ነው። የመንግሥት ሰዎች ልጁን ነጥቀው ወደ ድኻ አደጎች ቤት ሊወስዱት ሲሉ ድኻው በጣራ ላይ እየሮጠ ያስጥለዋል። ይህን ሲያዩ በሰባት ዓመቱ ከእናቱ የተለየውን የለንደን ልጅ ማስታወስ ግድ ነው። በዚሁ በ1921 ቻፕሊን የታመመች እናቱን ወደ ካሊፎርኒያ አስመጥቶ፣ በ1928 እስክትሞት ድረስ በእንክብካቤ አኖራት።

ስለ ቡት ጫማውም የምንጨምረው አለን። ቻፕሊን «የወርቅ ፍለጋ ጥድፊያ»ን ለመሥራት ያነሣሣው፣ ከብዙ ዓመት በፊት በአሜሪካ ተራሮች ላይ በበረዶ ተዘግተው በረኃብ ያለቁትን ስደተኞች ታሪክ ማንበቡ ነበረ። የፊልሙ ጫማ የተሠራው ከጥቁር ከረሜላ ነው። ከረሜላውን ጫማ ያስመሰለው ግን እጅ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ባዶ ሣሕን ፊት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ትዝታ ነው። እማማም ያወቁት ይህን ነበር።

በ1927 ፊልም አንደበት አወጣ። ተዋናዮች ሁሉ መናገር ጀመሩ። ቻፕሊን ግን ዘዋሪው ድኻ በእንግሊዝኛ ከተናገረ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብቻ ይሆናል፣ ዝም ካለ ግን የሁሉ ነው በሚል አሳብ ጸና። «የከተማ መብራቶች» የተባለውን ፊልሙን ከሁለት ዓመት በላይ ደክሞበት በ1931 ያለ ንግግር አወጣው። ከዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ጋር የሚገናኝበትን አንድ አጭር ክፍል ለማሳመር ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንዳነሣው ይነገራል። እንደኛ ባለ ልዩ ልዩ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ይህ አሳቡ ምን ያህል ትክክል እንደ ነበር ለመረዳት፣ አስተርጓሚ ሳይፈልጉ ሁሉን የተረዱትን የኮልፌዋን እናታችንን ማየት ይበቃል።

በዚያው በ1931 መስከረም ወር ላይ ቻፕሊን በለንደን ከማሕተመ ጋንዲ ጋር ተገናኘ። ጋንዲ ስለ ህንድ ነጻነት ለመነጋገር ወደ እንግሊዝ መጥተው ነበርና፣ የተገናኙት ድኾች በሚኖሩበት በምሥራቅ ለንደን፣ በአንዲት ትንሽ ቤት ነው። ቻፕሊን የህንድን የነጻነት ትግል እንደሚደግፍ ገልጾ፣ ጋንዲ መኪናን ስለ ምን እንደሚቃወሙ ጠየቃቸው። ጋንዲም ህንድ በመኪና ምክንያት የእንግሊዝ ጥገኛ እንደ ሆነች፣ ጥገኝነቱም የሚቀረው የገዛ ልብስን በገዛ እጅ በመሥራት መሆኑን አስረዱት። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው «ዘመናዊው ጊዜ» የተባለው ፊልም፣ ሠራተኛው የፋብሪካ መኪና ሲውጠውና በጥርሶቹ መካከል ሲያዞረው ያሳያል። ፊልሙ የወጣው በፌብሩዋሪ 1936 ነው፤ ማለትም በኛ አገር የማይጨው ጦርነት ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የተለየ ትርጉም ያለው ነው። ቻፕሊንና ሂትለር የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር፣ በአራት ቀን ልዩነት ነው። ጢማቸውም ይመሳሰል ነበር። ቻፕሊን በገዛ ገንዘቡ «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን፣ ሙሉ በሙሉ የሚናገር የመጀመሪያ ፊልሙን ሠርቶ በኦክቶበር 1940 በኒው ዮርክ አሳየ። በፊልሙ ውስጥ ከሂትለር አምሳያ ጎን ናፓሎኒ የሚባል፣ ደረቱን የነፋ፣ አገጩን ወደ ላይ የቀሰረ ሌላ አምባገነን አለ። ይህ ሰው ሙሶሊኒ መሆኑን ለማወቅ ማንም አስረጂ አያስፈልገውም። ሁለቱ አምባገነኖች በጸጉር አስተካካይ ወንበር ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው በላይ ለመሆን ወንበራቸውን እያስነሡ እያስነሡ ራሳቸው ጣራ ሊነካ ይደርሳል።

ያ ፊልም በኒው ዮርክ ሲታይ አዲስ አበባ ገና በፋሺስት እጅ ነበረች። አርበኞቻችን በዱር በገደሉ ይዋጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው የተመለሱት ከሰባት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ሣቅ ጠመንጃ አይደለምና ቻፕሊን አገራችንን ነጻ አወጣ አንልም። ይሁን እንጂ ብዙ መንግሥታት ለሙሶሊኒ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ባሉበት ዘመን፣ የለንደን ድኻ ልጅ ያንን ሰው በዓለም ፊት መሣቂያ ማድረጉ መዘንጋት የለበትም። ከጦርነቱ በኋላ ቻፕሊን ናዚዎች በማጎሪያ ሰፈሮች ያደረጉትን ግፍ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ በዚያ እብደት ላይ ለመሣቅ አይችልም እንደ ነበር ጽፏል። ሊሣቅበት የማይገባ ነገር እንዳለም ያውቅ ነበረ ማለት ነው።

የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ጉድለቱን መሸፈን ለተማሪ አይጠቅምም። ቻፕሊን አራት ጊዜ አግብቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚስቶቹ ሲያገቡት ገና 16 ዓመታቸው ነበረ። በሁለቱም ትዳር ጠብና ክርክር አልጠፋም። በሥራውም ቦታ አስቸጋሪና ሁሉን በራሱ ፈቃድ ብቻ የሚያስኬድ ሰው ነበረ። በፊልም ለተጣለው ሕፃን ያዘነው ሰው በቤቱ ለነበሩት ልጃገረዶች ያንኑ ርኅራኄ አለማሳየቱ የሚያሳዝን ነው። በ1943 በ54 ዓመቱ የ18 ዓመቷን ኡና ኦኒልን አገባ፤ ይህ ትዳር ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ጸና፤ ስምንት ልጆችም ወለዱ።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ የኮሚኒስት ፍራቻ በያዛት ጊዜ ቻፕሊን ተጠረጠረ። ኮሚኒስት ነው የሚሉት ሰዎች በዙ፤ አሜሪካ 40 ዓመት ያህል ሲኖር ዜግነት አለመውሰዱም ተቆጠረበት። በሴፕቴምበር 1952 «የመድረክ መብራት» የተባለውን ፊልሙን ለማስመረቅ ከቤተ ሰቡ ጋር በመርከብ ወደ ለንደን ሲሄድ፣ መርከቡ ገና በባሕር ላይ ሳለ የመመለሻ ፈቃዱ መሰረዙ ተነገረ። በ63 ዓመቱ እንደ ዘዋሪው ድኻ ከደጅ ተዘጋበት። በስዊስ አገር፣ በቬቬ ከተማ አጠገብ ቤት ገዝቶ ተቀመጠ።

ሃያ ዓመት አለፈ። በ1972 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የክብር ኦስካር ሊሰጠው ጠራው። የ82 ዓመቱ ሽማግሌ ወደ መድረኩ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ 12 ደቂቃ ያህል አጨበጨበለት። በ1975 የእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕረግ ሰጠችው። በዲሴምበር 25 ቀን 1977፣ በኛ ታኅሣሥ 16 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ የፈረንጆች የገና ዕለት፣ በ88 ዓመቱ በቤቱ ዐረፈ። ነገሩ በዚህም አላበቃም፤ በማርች 1978 ሁለት ሰዎች ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ ሬሳውን ከነሣጥኑ ከመቃብር ሰረቁት። ፖሊስ አሥራ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ከአንድ እርሻ ውስጥ አገኘውና እንደ ገና ተቀበረ። በሕይወቱ ፖሊስ ሲያሳድደው በፊልም የታየው ሰው፣ ከሞተ በኋላ ፖሊስ ፈልጎ ወደ ማረፊያው መለሰው።

አሁን ወደ አዲፑር እንመለስ። የዚህች ከተማ ሰዎች ይህን እንግሊዛዊ እንደዚህ የሚወዱት ስለ ምንድን ነው? ነገሩ የሚገባን የከተማይቱን አመጣጥ ስናውቅ ነው። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ፣ ሲንድ የሚባለው ግዛት በፓኪስታን በኩል ስለ ቀረ፣ እጅግ ብዙ የሲንድ ሂንዱዎች ቤት ንብረታቸውን ጥለው ተሰደዱ። የካች ንጉሥ በማሕተመ ጋንዲ አማላጅነት መሬት ሰጧቸው። አዲፑርና በጋንዲ ስም የተጠራችው ጎረቤቷ ጋንዲድሃም በዚህ መሬት ላይ ተቆረቆሩ። እንግዲህ አዲፑር ከባዶ እጅ የተነሡ ሰዎች ከተማ ናት።

በ1966 በዚያች ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ጸሓፊ በብስክሌት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ፣ በሲኒማ ቤት ደጅ የተለጠፈ ሥዕል አየ። ትልቅ ጫማ ያደረገ፣ ከዘራ የያዘ ሰው ነበረ። ወጣቱ ብስክሌቱን አቁሞ ገባና ያን ቀን «የወርቅ ፍለጋ ጥድፊያ» የታየበትን ጊዜ ሁሉ እየደጋገመ ሲያይ ዋለ። በዚህም ምክንያት ከሥራው ተባረረ። ሥራውን በቡት ጫማ ለወጠ ቢባል ሐሰት አይሆንም። በኋላ የአገሩን ባህላዊ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ በ1973ም «የቻርሊ ማኅበር» የተባለውን መሠረተ። ለበሽተኞቹም ከሥራሥሩና ከቅጠላ ቅጠሉ መድኃኒት ጋር የቻፕሊንን ፊልም እንዲያዩ ማዘዝ ጀመረ።

የቻርሊ ማኅበር የተመሠረተበት 1973 በኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ይኸውም የወሎ ሰው ከቀዬው የተነቀለበት ጊዜ ነው። በ2001 የካች ምድር በርዕደ መሬት ተመትቶ በጉጃራት 20 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። የአዲፑር አካባቢም ከጉዳቱ አላመለጠም። እንግዲህ ቤቱ ሁለት ጊዜ የፈረሰበት ሕዝብ በየዓመቱ ወጥቶ፣ ወድቆ የሚነሣውንና አቧራውን አራግፎ የሚሄደውን ሰው ቢያከብር ምን ያስደንቃል? እነሱ የሚያከብሩት የፈረንጅን ዝና ሳይሆን የራሳቸውን ታሪክ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ በዚያው ሳምንት ተገናኝተን ስንጫወት፣ ከሦስታችን አንዱ፣ በቅርቡ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ባለሙያ ሆኖ የተቀጠረው፣ አንድ ነገር አጫወተን። ሰኞ ጧት አንድ አባት አሮጌ ኮት ለብሰው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ መስኮቱ መጥተው ነበር። ጫማቸው ጭቃ እንዳልነካው ሁሉ ተጠርጓል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ሰጡት። እሱም ቀና ብሎ ሳያያቸው ነገ እንዲመለሱ ነገራቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው፣ አመስግነውት ሄዱ። ወዳጃችን ይህን የነገረን እያፈረ ነው። ሽማግሌው ሲወጡ ከኋላቸው አይቶ፣ በእሑዱ ፊልም ውስጥ የነበረው ሰው በመስኮቱ በኩል መጥቶ እንደ ነበር፣ እሱ ራሱ ደግሞ ከድኻው ይልቅ የአሳላፊውንና የፖሊሱን ቦታ ይዞ እንደ ተገኘ ተሰማው።

ሌላው ጓደኛችን ደግሞ እስከ ዛሬ ሥራ አላገኘም። በየጧቱ አንዱን ኮቱን ተኩሶ፣ በታክሲ መያዣው ላይ ካለው ሊስትሮ ዘንድ ጫማውን አስጠርጎ፣ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት ሰሌዳ ይሄዳል። የሰፈር ልጆች አንዳንዴ ይሥቁበታል። እኛም አንድ ሁለት ጊዜ መሣቃችንን ልንሸሽገው አይገባም።

የቻርሊ ቻፕሊን ሕይወት ለተማሪና ለወጣት ሠራተኛ የሚያስተምረው ከዚህ ላይ ነው። ሣቅ ሁለት ዓይነት ነው፤ በወደቀው ላይ የሚሣቅና ከወደቀው ጋር የሚሣቅ። ቻፕሊን በጠባብ ኮቱ ዓለምን ሁሉ ያሣቀው፣ ድኻው እንዳይዋረድ፣ ይልቁንም ድኻውን የሚገፋው ሰው እንዲያፍር አድርጎ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ሁሉ፣ ሥልጣኑ የአንዲት መስኮት ያህል ብትሆን እንኳ፣ በየትኛው በኩል እንደሚሣቅበት ማወቅ አለበት።

ወዳጃችን በማግሥቱ ሽማግሌው ሲመጡ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ጉዳያቸውም በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። እማማም ይህን ሲሰሙ ብዙ አልተናገሩም። በሚመጣው እሑድ ያንን ጫማ የበላውን ሰው እንደ ገና እንድናሳያቸው ብቻ ጠየቁን። በዚያን ጊዜ ምናልባት እሳቸውም ይሥቁ ይሆናል።